ጋሽ ይበልጣል በከሰላ

ሐበሻ አገር ለማየት ሲወጣ የሚሸክፈው ስንቅ ብዙ ነው። በርበሬው ሊረሳ ይችላል፤ ነጠላው ሊረሳ ይችላል፤ «የእኛው ይበልጣል» የምትለዋን ቃል ግን ረስቶ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ተራራ ሲያሳዩት «የእኛው ይበልጣል»። ሙዝ ሲያቀርቡለት «የአርባ ምንጩን ብትቀምሱት!» ዝናብ ሲወርድበት እንኳ፣ ውሃው ከአናቱ እስከ ተረከዙ እየወረደ፣ «ይሄም ዝናብ ሆነና!» ብሎ ይከራከራል።

ገዳሪፍ ሳለን ይህን ቃል ከሁላችንም አብልጠው የሚያዘወትሩ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም እዚህ አልጠራም፤ እኛ «ጋሽ ይበልጣል» እንላቸው ነበር። ይበልጣል መቼም ጎጃምም ጎንደርም የሞላ ደህና የአባወራ ስም ነው፤ የሰማ ሁሉ የመዝገብ ስማቸው ይመስለው ነበር። እሳቸውም አልተቀየሙ። «አገር ቤት የሚወጣው ቅጽል ስም ከዚህ ይበልጣል» ብለው አለፉት።

ገዳሪፍ መተማን ተሻግሮ ጋላባትን አልፎ ለሚመጣ ሐበሻ የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ናት። ሰሊጥና ማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ የመጣው፣ ሻይና ቡና የምትሸጠዋ፣ መካኒኩ፣ አስተርጓሚው፣ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር «ፕሮሰስ» የሚጠብቀው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? ሳምንቱን ስንጫንና ስንለጎም ሰንብተን ዓርብ ዓርብ ሰው እንሆናለን።

በሌላው ዓለም መስከረምና ጥቅምት ሲደርስ ሰው የዛፍ ቅጠል ቢጫና ቀይ ሆኖ ሲረግፍ ለማየት ይጎርፋል። ጃፓኖች ይህን ከጥንት ጀምሮ እንደ ወግ ይዘውታል፤ ሰሜን አሜሪካም ለዚሁ ብሎ ጫካ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። እኛ ቆላ ላይ ነገሩ የተገላበጠ ነው። በዚያ ድንበር ያለው ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው በበጋው ድርቀት ነው፤ የመተማ ዕጣን ለቃሚዎች ግንዱን የሚፍቁትም ራቁቱን በቆመበት በዚያ ወራት ነው። ስለዚህ የሚያጓጓን የቅጠሉ መሄድ ሳይሆን መምጣቱ ነው። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት ዝናብ ሲገባ ያ የተሰነጣጠቀ ዋልካ ሜዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። የካርቱም ሙሽሮችም ለጫጉላቸው ከሰላን ይመርጣሉ፤ ተራራ አላት፣ የፍራፍሬ ማሳ አላት፣ ወንዝ አላት። ወንዙን በተመለከተ ቆይቼ የምለው አለኝ።

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በአንዱ መስከረም፣ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ «ከሰላ እንሂድ» ተባለ። ሐበሻ ሦስት ከሆነ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ እኛ ደግሞ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ነበርን። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ ሂሳብ መርማሪ ተመረጠ። ጸሐፊው የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ፕሮግራሙን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቆሞ አነበበ፦ «ሀ/ ተራራ መውጣት፤ ለ/ በታንኳ መንሸራሸር፤ ሐ/ የከተማ ጉብኝት።» ታንኳው ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። መዋጮው ላይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

እዚህ ላይ ሱዳን የኖረ ኦርቶዶክስ ብቻ የሚያውቀውን ችግር ልንገራችሁ። የሱዳን ዕረፍት ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እናም ከጾም ነፃ ከሆኑት ሳምንታት ውጪ ሽርሽራችን ሁሉ በሽሮ ነው። ወንዝ ዳር ቢሄዱ ሽሮ፣ ተራራ ቢወጡ ምስር። ወሎዬዎቹ ሙስሊም ወንድሞቻችን ዶሮ መብላት ይችሉ ነበር፤ ግን «እናንተ እያያችሁ አይወርድልንም» ብለው አብረውን ሽሮ ይበላሉ። እኛም በተራችን የጁምዓ ሶላታቸው እስኪያልቅ ምሳውን እናቆያለን። እንዲህ እየተጠባበቅን፣ የቀን ስምንት ሰዓት ምሳ ብለን ስንነሳ አሥር ሰዓት ይሆናል።

ሾፌሩ ሱዳናዊ ነው። «በአሥራ ሁለት ሰዓት ና» ተብሏል። የእኛ ሰው ጎህ ሲቀድ ቋጠሮውን ታቅፎ አውራ ጎዳናው ላይ ተኮልኩሏል፤ ሾፌሩ በእሱ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ሊመጣ አስቦ ለሽ ብሎ ተኝቷል። ተደውሎ ተቀሰቀሰ፤ ዓይኑን እያሸ ሲደርስ ደግሞ በተራችን የጠፋን እኛ ነን፤ ግማሻችን «ካልመጣማ» ብለን ወደ ቤት ተመልሰን ነበር። ገንዘብ ያዡ ስም ሲጠራ፣ ሂሳብ መርማሪው ገንዘብ ያዡን ሲመረምር ፀሐይዋ ከረረች።

መንገዱ በሸዋክ አድርጎ ወደ ኸሽም ኤል ጊርባ ያወጣል። እዚያ በአትባራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀ ግድብ አለ፤ የአስዋን ግድብ ውሃ አገራቸውን የዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን ሰፍረው የሚያርሱት በዚሁ ግድብ ውሃ ነው። መምህሩ ይህን እያስረዳ ሳለ ጋሽ ይበልጣል በመስኮት ብቅ ብለው ውሃውን አዩና «ይሄማ ከእኛው የመጣ ነው» አሉ። በዚህስ ሐቅ አላቸው። የጎንደሩ ጓንግ ነው ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚሆነው፤ ተከዜም እዚያው ይቀላቀለዋል። ሐቅ ሲገጥማቸው ግን የባሰ አስቸጋሪ ይሆናሉ፤ እስከ ከሰላ ድረስ ያየነው ኩሬ ሁሉ ከጎንደር የሄደ ሆነ።

የታካ ተራሮች ከሩቅ ነው የሚታዩት። አገሩ ወለል ያለ ሜዳ ነው፤ በድንገት እርቃናቸውን የሆኑ ግዙፍ ጥቁር አለቶች፣ ተደርድረው እንደ ተደፉ እንስራዎች፣ ከመሬት ብድግ ይላሉ። መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ሁላችንም በጎን ዓይናችን ጋሽ ይበልጣልን እያየን ነው።

«ስሜንን ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም» አሉ።

«ስሜን ወጥተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?» አለች ፕሮሰስ።

ፕሮሰስ የምንላት ገዳሪፍ ቡና የምትሸጥ ልጅ ናት። የካናዳ ጉዳይዋን ስትጠብቅ ኖራ ስሟ ያ ሆኖ ቀረ። ምላሷ ስለታም ነው።

ጋሽ ይበልጣል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ራስ ዳሽንን የሚያውቁት፣ በኋላ እንደ ተናዘዙት፣ በቢራው ጠርሙስ ነው። ጢስ ዓባይንም ያዩት በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። በዚህ እሳቸውን ብቻ ማማት ግፍ ይሆናል። ጎንደር ተወልዶ ስሜንን ያላየ፣ ላሊበላ አድጎ አሸተንን ያልወጣ ስንቱ ነው! ተራራ ለእኛ እንጨት የሚለቀምበት፣ ከብት የሚጠፋበት፣ ሽፍታ የሚገባበት ነበር፤ «ላየው ወጣሁ» የሚል ሰው ቢገኝ ጠበል ይወሰድ ነበር። አሁን ነው የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጫማ ለይቶ ገዝቶ፣ ወንጪና መናገሻ ሱባ «ሃይኪንግ» የሚወጣው። ገበሬው መንገድ ዳር ቆሞ ያየዋል፤ «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ይላል።

ቶቲል ከታካ ተራሮች አንዱ ነው። ግርጌው የኸትሚያ መስጊድ ነው፤ በ1869 እ.ኤ.አ. ያረፉት የሰይድ ሐሰን አል ሚርጋኒ መቃብርም እዚያው ነው። የመቃብሩ ጉልላት ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ውስጡ አይረጥብም ይባላል። ወንድሞቻችን ጁምዓቸውን ሊሰግዱ ገቡ፤ እኛ «ሀ»ን ልንፈጽም ወደ አለቱ ቀና አልን።

ተራራ መውጣቱን ባጭሩ ልለፈው፤ አልወጣነውማ። አለቱ ለስላሳ ነው፣ ፀሐዩ ያግለዋል፣ መያዣ የለውም። ሂሳብ መርማሪያችን ለዚሁ ቀን ብሎ ከሱቅ ያወጣው ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ነበረው፤ ጥቂት ከፍ እንዳለ ተቀምጦ በመቀመጫው ተንሸራትቶ ወረደ። በአጠገቡ አንዲት የካርቱም ሙሽራ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሂና ተስላ፣ በነጠላ ጫማ፣ ባሏን እየጎተተች፣ አንድ እጇ ቶቧን አንድ እጇ ስልኳን ይዛ እየሳቀች አለፈችው። ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ የወጣው ፎቶ ሁሉ ከግርጌ የተነሳ ነው፤ አንገትን ቀና አድርጎ፣ እጅን ወደ ጫፉ ጠቁሞ።

የቶቲል ዝና ያለው ምንጩ ላይ ነው። ከቶቲል ውሃ የጠጣ ሰው ወደ ከሰላ መመለሱ አይቀርም ይላሉ። ሙሽሮቹ የሚጠጡት ለዚህ ነው። ጋሽ ይበልጣል ምንጯን አይተው፣ ለዚህች ሰዓት ሲያስቀምጡት የኖሩትን ተረት አወጡ፦ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል!»

«በብር ኖት ያየስ?» አለች ፕሮሰስ።

እሷ ራሷ ግን ውሃውን አልጠጣም አለች። ጥሟት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ አልጠጣም። «ስንት ዓመት ልወጣ የለመንኩትን አምላክ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መልሰኝ ልበለው እንዴ?» ጉዳዩ የእምነት መሆኑን ስናይ ተውናት። ሰብሳቢያችን ግን ነገሩን ጠቅልሎ «በዕለቱ ውሃ ላልጠጣ ሰው ከመዋጮ ተመላሽ የለም» አለ።

ከዚያ ወደ ቡናው። ተራራው ሥር በየጥላው ትንንሽ መቀመጫ ደርድረው ቡና የሚያፈሉ አሉ። እኛ ያረፍንበት ባለቤት የቤጃ ሰው ነው፤ ነጭ ጀለቢያ፣ በላዩ ጥቁር ሰደርያ፣ ጎፈሬው ላይ የእንጨት ሚዶ ተሰክቷል። ቡናውን በትንሽ መቁያ ቆላ። ትኩስ እንዳለ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረና ደረቅ ዝንጅብል አከለበት። ሲወቅጥ ዝም ብሎ አይወቅጥም፤ ዘነዘናውን አንዴ መሐል አንዴ ጠርዝ እየመታ ዜማ ያወጣለታል። ጀበናዋ ትንሽ፣ ሆዷ ክብ ናት፤ አተላው እንዳይወርድ አንገቷ ላይ የዘንባባ ጭረት ተወትፏል። ስኒው ደግሞ ጆሮ የለውም፤ ከግማሽ በላይ በስኳር ይሞላና ቡናው በላዩ ይወርዳል። አይማሰልም። የመጀመሪያው ጉንጭ መራራ ነው፣ የመጨረሻው ከረሜላ።

ጋሽ ይበልጣል ዝንጅብሉ ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ቡና የእኛ! ጀበና የእኛ! ዝንጅብል ምን አገባው?» ቤጃው አማርኛ አይሰማም፤ ቁጣ ግን ይሰማል። ፈገግ ብሎ የመጀመሪያውን ስኒ ለእሳቸው ሰጠ። ፉት አሉ። ደገሙ። ስኒውን መለሱና ዝም አሉ። ሁለተኛ ተቀዳላቸው፤ ሦስተኛም። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስንጨርስ እሳቸው ቆጠራውን አልፈውታል። «እንዴት ነው ጋሼ፣ ይበልጣል?» ስንላቸው «ስኳሩ በዝቷል» አሉ፤ ስኒውን ግን አልለቀቁም።

ፕሮሰስም ባለሙያ ናትና በሙያ ዓይን እየመረመረች በረካውን ጨረሰች። ከዚያ በአረብኛ የቡናውን ጥፍጥና አድንቃ፣ ውሃው ምን ቢሆን ነው አለችው። ሰውዬው በአገጩ ወደ ተራራው አመለከተ። «ቶቲል» አለ።

ልጅቱ ስኒውን መሬት አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ሂሳብ መርማሪው ሊያጽናናት «የፈላ ውሃ አይቆጠርም» አላት። መምህሩም ማፍላት ምን ምን እንደሚገድል ሊያስረዳ ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ወንዙ። የከሰላ ወንዝ ጋሽ ይባላል፤ ከአንድ ጋሽ ጋር ሌላ ጋሽ የተገናኙበት ቀን ነው። ይህ ወንዝ ባዳ እንዳይመስላችሁ፤ በታሪክ መጽሐፍ «መረብ ምላሽ» ስንል የኖርንበት መረብ ነው። ከኤርትራ ደጋ ተነስቶ፣ የኤርትራንና የኢትዮጵያን ድንበር ታክኮ፣ ቆላ ሲወርድ ጋሽ ተብሎ ሱዳን ይገባል። ባሕር አይደርስም፣ ወደ ዓባይም አይደርስም። ከከሰላ በስተሰሜን ሜዳው ላይ ተበትኖ አሸዋ ይውጠዋል፤ የአገሩ ሰው ያንን ርጥበት ተከትሎ ማሽላ ይዘራል። የሚፈሰውም ክረምቱን ብቻ ነው። በመጣ ጊዜ ግን አይጣል ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሰብሮ ገብቶ ብዙ ሰፈር አፍርሷል።

እኛ ስንደርስ ጎድሏል፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጉማጅ እንጨት እየተሸከመ ይሄዳል። መምህሩ ፕሮግራሙን ዘርግቶ «ለ» ላይ ጣቱን አሳረፈ። ድልድዩ አጠገብ ሙዝና ብርቱካን የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ታንኳ የት እንደሚከራይ ጠየቅነው። ልጁ አልገባውም። ፕሮሰስ በእጇ እየቀዘፈች አሳየችው። ሲገባው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ጓደኞቹን ጠርቶ ለእነሱም አስቀዘፋት። ከሳቁ ሲመለስ «ትንሽ ቆይታችሁ ኑ፤ ውሃው ሲሄድ እዚህ ኳስ ነው የምንጫወተው» አላት።

«እኛ ዘንድማ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ…» ብለው ጀመሩ ጋሽ ይበልጣል።

«ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«ዓሣውን በልቻለሁ።»

የታንኳው በጀት ሙዝና ግሬፕፍሩት ተገዛበት፤ ገንዘብ ያዡም በመዝገቡ ላይ «ለታንኳ» ብሎ አወራረደው። እስከ ዛሬ ያ መዝገብ ቢገለጥ ከሰላ ላይ በታንኳ ተንሸራሽረናል።

«ሐ» የተፈጸመው በመኪናው መስኮት ነው፤ ሊመሽ ነበርና። ጋሽ ይበልጣል ከተማዋን እያዩ «አሉላ እዚህ ድረስ ገስግሰው ነበር» አሉ። መምህሩ አላስችል አለው። በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው ውል አፄ ዮሐንስ፣ ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች ከከሰላና ከሌሎቹም ምሽጎች እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ፤ ከሰላ ግን በ1877 ክረምት በማህዲስቶች እጅ ወደቀች፤ ራስ አሉላ በ1878 መስከረም ላይ ኩፊት ድረስ መጥተው ዑስማን ዲግናን ድል አደረጉ፤ ከሰላን ግን አላዩም። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1894 ይዟት ከአድዋ በኋላ ለቀቀ፤ በ1940 ተመልሶ ይዞ በጥቂት ወራት ለቀቀ።

ጋሽ ይበልጣል ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው እኛ ከአሉላ እንበልጣለን» አሉ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሂሳብ መርማሪው ብቻ አልሳቀም፤ ጫማውን ቶቲል ሥር ረስቶት መጥቷል።

ከዚያ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ ካርቱም ተቀጣጠለ፤ ከሰላና ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተሞሉ፤ እኛም ተበታተንን። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። ዋትሳፕ ላይ አለ፤ ገንዘብ ያዡም እስካሁን ሂሳብ አላስረከበም።

ጋሽ ይበልጣል ጎንደር ገብተዋል። እዚያ የሚያገኟቸው ሰዎች እንደሚነግሩኝ፣ ቡና በቀረበላቸው ቁጥር ስኒውን አሽትተው «ዝንጅብል የለውም እንዴ?» ይላሉ። ስለ ተራራ ሲነሳ «ቶቲልን ያየ» ይላሉ። ወንዝ ሲነሳ «ወንዝማ ጋሽ ነው፤ ታንኳ እንኳ የማይደፍረው» ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ምርር ብሏቸዋል።

ፕሮሰስ ካናዳ ናት፤ ካልጋሪ። ቡናው ሳያግዳት ጉዳይዋ አለቀላት። ባለፈው መስከረም ማብቂያ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ባንፍ የሚባለው የተራራ ፓርክ ወሰዷትና ፎቶ ላከች። ብርቱካናማ የዋና ሰደርያ ለብሳ፣ ታንኳ ውስጥ ተቀምጣ፣ መቅዘፊያውን እንደ ማማሰያ ይዛለች። ከኋላዋ ጥድ የሚመስሉ ዛፎች ሙሉ በሙሉ ወርቅ ሆነው ተራራውን አልብሰውታል። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፤ ሁሉም በአንድ ቀን!» ብላ ጻፈችበት። ቀጥላ ደግሞ ድምጿን ላከች፦ ጠዋት በሰዓቱ ተነስተዋል፤ በሰዓቱ ወጥተዋል፤ በሰዓቱ ተመልሰዋል፤ አንድም ሰው አልተጣላም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሳንድዊች በልቷል፤ ቡና የሚባል ነገር በጥቁር የብረት ዕቃ ተቀድቶ ቆመው ጠጥተዋል። «ጉዞ አይሉት ሥራ» አለች።

ጋሽ ይበልጣል ፎቶውን አጉልተው ሳያዩት አልቀሩም፤ መልሳቸው ዘግይቶ መጣ፦ «ዛፉ ምን ሆኖ ነው? ደርቋል እኮ!»

መምህሩ ከአዲስ አበባ ገባበት። አልደረቀም፤ ብርዱ ሲመጣና ቀኑ ሲያጥር ቅጠሉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ማምረት ያቆማል፤ ያኔ ከሥር ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ ይሄኛው ዛፍ ላርች ይባላል፤ ከጥድ ወገን ሆኖ ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያራግፍ ነው፤ በጸደይ መልሶ ይለመልማል፤ አለ። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ሥዕል ጨምሮበታል።

ጋሽ ይበልጣል አላመኑም። «የእኛ ዛፍ የደረቀ እንደሆነ ደርቋል ይባላል። ውሃ የሚያጠጣው ሰው ጠፍቶ ነው።»

ፕሮሰስ ከካልጋሪ መለሰች፦ «እንግዲያው ከቶቲል ላኩላቸዋ።»